ከሞተ ከ470 ዓመት በላይ ለሆነው ልዑል ያለቀሰች አንባቢ

ጥያቄ፦

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? የአምባሰል ልጅ ነኝ። አሁን ያለሁት ኩዌት ነው፤ ሰው ቤት እሠራለሁ። ‹ሐሪም አል ሱልጣን› የሚባለውን፣ ወደ አረብኛ የተመለሰውን የቱርክ ተከታታይ ፊልም መጀመሪያ ያየሁት ከማዳሜ ጋር፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ ልብስ እያጣጠፍኩ ነበር። ያኔ አረብኛዬ ደካማ ስለነበር ግማሹ አልገባኝም፤ መጨረሻውንም ሳላይ ቤት ቀየርኩ። ዘንድሮ በስልኬ ከመጀመሪያው ጀምሬ አየሁት። የሱልጣኑ ልጅ ሙስጠፋ የሞተበት ክፍል ላይ ስደርስ የሆንኩትን አላውቅም። ሁለት ቀን እህል አልወረደልኝም። እስካሁንም ማታ ሁሉም ሲተኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ ያቺኑ ድንኳን የሚገባባትን ቦታ ደጋግሜ አያለሁ። አርብ ዕረፍት ወጥቼ ለጓደኞቼ ብነግራቸው ሳቁብኝ። አንዷ ‹ለቱርክ ተዋናይ? ሰውየው እኮ በሕይወት አለ!› አለችኝ። ሌላዋ ‹ግራኝን በጠመንጃ የረዱት እነሱ አይደሉም እንዴ? ለእነሱ ንጉሥ ልጅ ነው የምታለቅሺው?› ብላ ተቆጣችኝ። መልስ አጣሁ። እኔ ደህና ነኝ ወይ? እውነት እንደዚያ ነው የሞተው? የሱልጣኑን ሚስት፣ የሙስጠፋን እንጀራ እናት ሁያምን ሳያት ደሜ ይፈላል፤ ጥፋቱ የእሷ ነው አይደል? የቀረውንስ ልየው ወይስ ይቅርብኝ? አንድ ቀን በኢስታንቡል በኩል አገር ቤት ብገባስ መቃብሩን ማየት ይቻላል?»

መልስ፦

ልጄ፣ ደህና ነሽ። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽና ወደ ሌላው እንለፍ።

ለመጀመሪያዋ ጓደኛሽ የምትመልሺው አጭር ነው። አንቺ ለተዋናዩ አላለቀስሽም። ሙስጠፋን ሆኖ የሠራው መህመት ጉንሱር ደህና ነው፤ ዕድሜውን ያርዝመው። ልዑል ሙስጠፋ ግን እናት የወለደችው፣ መቃብሩ እስከ ዛሬ የሚታይ ሰው ነበር። በ1515 ማኒሳ በምትባል ከተማ ተወለደ፤ እናቱ በፊልሙ የምታውቂያት ማሂደቭራን ናት። ኦክቶበር 6 ቀን 1553፣ በ38 ዓመቱ፣ አባቱ ሱልጣን ሱለይማን አስጠርቶ በገዛ ድንኳኑ ውስጥ አሳነቀው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።) ደራሲዎቹ ንግግሩን ጽፈዋል፣ ልብሱን አስጊጠዋል፣ ሙዚቃውን ጨምረዋል። ድንኳኑን ግን እነሱ አልፈጠሩትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሱለይማን በዚያ ዓመት በፋርስ ላይ ዘመቻ ከፍቶ ነበር። ጦሩን ይዞ አስቀድሞ የወጣው ታላቁ ቪዚር፣ ማለት ከሱልጣኑ ቀጥሎ ያለው ሹም፣ ሩስተም ፓሻ ነው፤ የሁያም ልጅ የሚህሪማህ ባል። ሁያም የምትያት በአረብኛው ተቀይሮላት ነው፣ በቱርክኛው ሁረም ናት። ሩስተም ከመንገድ ሆኖ ወታደሩ ልቡ ወደ ሙስጠፋ እንዳደላ፣ ሱልጣኑ አርጅቷልና ልጁ ይንገሥልን እየተባለ እንደሆነ ወደ ኢስታንቡል ላከ። ሱለይማን ይህን ሲሰማ ራሱ ወጣ። ኤሬይሊ የሚባል ቦታ፣ ኮንያ አካባቢ ሰፍሮ ልጁን ይገዛበት ከነበረው ከአማስያ አስጠራው። አትሂድ ያሉት ነበሩ። ሄደ። ቢቀር ከዳ ይባላል፤ ቢሄድ ደግሞ ሌላው ቢቀር አባቱን ፊት ለፊት አይቶ ይናገራል። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን የማደርገውን አላውቅም፤ መሄዱን ግን ሞኝነት ነው የሚሉትን አልስማማቸውም።

ከሁለት ዓመት በኋላ የኦስትሪያ ገዢዎች የሀብስበርጎች መልእክተኛ ሆኖ አማስያ ድረስ የመጣ ቡስቤክ የሚባል ሰው ነበር፤ የሰማውን ጽፎ አስቀርቶልናል። ድንኳኑ ውስጥ ሙስጠፋን የጠበቁት ዲዳ ገዳዮች ነበሩ ይላል። ልዑሉ ጉልበተኛ ስለነበር ታገላቸው። ሊያሸንፋቸው ሲል አባትየው ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ብሎ ገዳዮቹን በቁጣ ዓይን አፈጠጠባቸው፤ ፈሩና ጨረሱት። በፊልሙ ሱለይማን ከመጋረጃው ጀርባ ሲያለቅስ አይተሻል። ቡስቤክ የጻፈው አባት አያለቅስም። ቡስቤክም በቦታው አልነበረም፣ የተወራውን ነው የጻፈው፤ ግን እኔን ከፊልሙ ይልቅ እንቅልፍ የነሣኝ የእሱ አባት ነው።

አሁን ወደ አንቺ እህል ማጣት ልምጣ። አስከሬኑ ከድንኳኑ ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ተዘርግቶ ሠራዊቱ አየው። ኢንኪሻሪያ ሲሏቸው የሰማሻቸው፣ ከልጅነታቸው ለጦርነት ያደጉት ወታደሮች ማለት ነው። ቡስቤክ እንደሚለው በዚያ ቀን ከእነሱ መካከል እህል ቀርቶ ውኃ የቀመሰ አልነበረም፤ ለቀናት እንዲሁ የዋሉም ነበሩ። አንቺ ኩዌት ማድ ቤት ቆመሽ ጉሮሮሽ አልከፈት ሲልሽ ያደረግሽው እነዚያ ያደረጉትን ነው።

ቁጣው ስለበረታ ሱልጣኑ ሩስተምን ወዲያው ሻረው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን መለሰው። በመሐል ታሽሊጃሊ ያህያ የሚባል ገጣሚ፣ እሱም ወታደር ነው፣ ለሙስጠፋ ሙሾ ጻፈለት። የዓለም አንዱ ጎን ተደረመሰ ብሎ ኡኡ በማለት ይጀምርና የሩስተምን ሤራ ያጋልጣል፤ ሱልጣኑንም አይምርም። ይህን ያለው ሱልጣኑ በዙፋኑ ላይ እያለ ነው! ግጥሙ በሠራዊቱ መካከል ከአፍ ወደ አፍ ዞረ። ሩስተም ሥልጣኑ ሲመለስለት ገጣሚውን ሊያስገድለው ፈለገ፤ ሱለይማን አልፈቀደም። ያህያ ሹመቱን አጣ፣ ነፍሱን አተረፈ። ሕዝቡ ደግሞ ዓመቱን «የሩስተም ተንኮል» በሚል ሐረግ ያዘው፤ የሐረጉ ፊደሎች በአረብኛው የቁጥር ስሌት ሲደመሩ 960 ይመጣሉ፣ ልዑሉ የሞተበት የሂጅራ ዓመት። እንግዲህ አንቺ በዚህ ሰው ላይ ማልቀስ የጀመርሽ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። ያ ክፍል ፌብሩዋሪ 2014 ቱርክ ውስጥ በቴሌቪዥን ሲታይም ሰዉ ቡርሳ ከተማ ወዳለው መቃብሩ ጎርፏል። በአያት ቅድመ አያት ዘመን ለተገደለ ሰው የአሁን ዘመን ሰው ተሰልፎ ዱዓ አደረገ።

እኛም ግቢ ተለቅሷል። እዚህ አዲስ አበባ ያየነው እንዳንቺው በአረብኛ፣ በዲሽ ነው። ከቤይሩት የተመለሰች ጎረቤት ነበረችን፤ ቡናውን እየቀዳች የምትተረጉምልን እሷ ናት። ሙስጠፋ ጎራዴውን ፈትቶ ሰጥቶ ወደ ድንኳኑ ሲያመራ ትርጉሙን አቆመች። ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉ ላይ ፈሰሰ፤ ማንም አልተነሣለትም። ልጃቸው በጦርነት የቀረባቸው አንዲት እናት ነበሩ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው «አባትየው እዚያው ነው? እያየ ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ። የሚመልስላቸው የለም። ከዚያ ሁላችንም አለቀስን። ቶናው ሳይቀዳ እኚሁ እናት ከሁላችን ቀድመው «በሉ በቃ፣ ፊታችሁን ታጠቡ» ብለው ውኃ አስመጡ። ታጠብን። ከዚያ እስኪመሽ ስለ ሙስጠፋ ስናወራ ቆየን፤ እሱ ቢነግሥ ምን ይሆን እንደነበር፣ እናቱ መርዶውን እንዴት እንደሰማች፣ ለምን ሠራዊቱን ይዞ እንዳልሸፈተ። በማግስቱ ሁላችንም ወደ ሥራችን ሄድን።

ልጄ፣ አንቺን የጎደለሽ «በሉ በቃ» የሚለው ሰው ነው። እኛ ስናዝን ብቻችንን አናዝንም። ድንኳን ይጣላል፣ ዕድርተኛው ይመጣል፣ ደረቷን የምትደቃውን እጇን የሚይዝላት አለ፣ ያልበላችውን በግድ የሚያጎርሳት አለ። ሣልስት ሲደርስ አንድ ነገር ይቀላል፤ አርባ ሲወጣ ሌላ ነገር ይቀላል። ስልኩ ግን ይህን አያውቅልሽም። ቁራጩ ሲያልቅ ከመጀመሪያው ይጀምርልሻል፤ ሙስጠፋ እንደገና ይገባል፣ እንደገና ይታነቃል፣ አንቺም በየሌሊቱ አዲስ መርዶ ትሰሚያለሽ። ሰው በየቀኑ መርዶ እየተረዳ እንዴት ይጽናናል? ስለዚህ ያቺን ቁራጭ ዛሬውኑ ከስልክሽ አጥፊያት። ሙስጠፋን መርሳት አይሆንብሽም፤ ታሪኩን ታውቂዋለሽ፣ ድንኳኗን ደግመሽ ማየት የሚጨምርልሽ ነገር የለም። የመጪው አርብ ስትወጪ ለእነዚያው ለሳቁብሽ ጓደኞችሽ ቡና አፍዪና ከማኒሳ ጀምረሽ ንገሪያቸው። ስለ ገጣሚው ንገሪያቸው፣ ስለ ወታደሮቹ ንገሪያቸው። የሚስቁ አይመስለኝም። ደግሞ አደራ፣ እህል ማጣቱና እንቅልፍ ማጣቱ ከዚህ በላይ ከዘለቀ የፊልም ነገር ነው ብለሽ አትናቂው፤ ለማዳሜ ምን እላታለሁ ሳትዪ ሐኪም ጋ ሂጂ። ሥራሽ ጉልበት ይፈልጋል።

የሁለተኛዋን ጓደኛሽን ቁጣ አልንቀውም፤ ታሪክ አስተማሪ ስለነበርኩ እንዲህ የሚቆጣ ተማሪ እወዳለሁ። ያለችው እውነት ነው። የኦቶማን ጦር ከየመን፣ ከዘቢድ፣ ለኢማም አሕመድ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነፍጠኞች ልኮለታል፤ በ1542 ወፍላ ላይ እኛን ሊረዳ የመጣው የፖርቱጋል ጦር አዛዥ ክሪስቶቫው ዳ ጋማ የተሸነፈው በእነሱ ጠመንጃ ነው። አብዛኞቹ ነፍጠኞች ከተመለሱ በኋላ አፄ ገላውዴዎስ በ1543 ወይና ደጋ ላይ ድል አደረጉ። በ1557 ምጽዋን የያዘው ኦዝደሚር ፓሻም የዚሁ የሱለይማን ሹም ነው። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ሙስጠፋ ግን በወፍላው ጊዜ አማስያ የሚባል አውራጃ ያስተዳድር ነበር፤ ምጽዋ ስትያዝ ደግሞ መቃብር ከገባ አራተኛ ዓመቱ ነው። ጓደኛሽ በሱለይማን ላይ የምትቆጣበት ምክንያት ካላት ትቆጣ። በሱለይማን የተቆጣ ሰው ሱለይማን ላስገደለው ልጅ ቢያዝን ምኑ ከምኑ ይጋጫል?

ወደ ሁረም ስመጣ ግን ካንቺ እለያለሁ። በዘመኑም ሕዝቡ የጠላት እሷንና አማቿን ነበር፤ አምባሳደሮቹም ያወሩት ይህንኑ ነው። የእሷን እጅ በቀጥታ የሚያሳየው ማስረጃ ግን ከዚህ ወሬ ብዙም አያልፍም። ይልቅ አንድ ነገር አስቢ። ከሱለይማን በፊት የነበረው ዳግማዊ መህመድ፣ ቁስጥንጥንያን የያዘው፣ የነገሠ ልዑል ለዓለም ሰላም ሲል ወንድሞቹን ቢያስገድል ተገቢ ነው የሚል ሕግ አስጽፎ ነበር። ሙስጠፋ ቢነግሥ የሁረም ልጆች ሰሊም፣ ባየዚድና ጂሃንጊር ምን ይሆናሉ? ፊልሙ ሙስጠፋን ደግ አድርጎ ስላሳየን ይምራቸው ነበር ብለን እናምናለን። ሁረም ግን በእምነት ልጆቿን ልታስይዝ አትችልም። ማሂደቭራንም እንዲሁ። ሁለት እናቶች አንድ ቤተ መንግሥት ውስጥ ተቀምጠው አንደኛዋ ስትስቅ የሌላዋ ልጅ እንደሚሞት ያውቃሉ። ያቆራረጣቸው ሕጉ ነው፤ ሕጉን ያወጡት ደግሞ ወንዶች ናቸው። በ1595 ሣልሳዊ መህመድ ሲነግሥ 19 ወንድሞቹን በአንድ ጊዜ አሳንቋል። ያኔ ሁረም ከሞተች ወደ 40 ዓመት ሊጠጋት ነበር።

አንቺ የአምባሰል ልጅ ስለሆንሽ ይህን ከብዙ ሰው ይልቅ በቅርብ ትረጂዋለሽ። ግሼንን እያየሽ ነው ያደግሽው። መስከረም 21 ሰዉ አቀበቱን ሲወጣ አይተሻል፤ ምናልባትም ወጥተሻል። ያ አምባ የግማደ መስቀሉ ብቻ አልነበረም። የእኛም ነገሥታት ያው ፍርሃት ነበረባቸው፤ የነገሠው ንጉሥ ወንድሞችና ዘመዶች እዚያ ላይ ይታሰሩ ነበር። ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ከመካከላቸው የመረጡትን አውርደው ያነግሡታል፤ ያልተመረጠው እዚያው ያረጃል፣ ልጆቹም እዚያው ይወለዳሉ። በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ስለዚሁ አምባ በሰፊው ጽፏል፤ ከመሳፍንቱ ደብዳቤ ይዞ የወጣ መነኩሴ ሲገረፍ ማየቱንም ይናገራል። ሱለይማን በነገሠበት ዘመን ማለት ነው። አምባው በ1540 በኢማም አሕመድ ጦር እጅ ወደቀ፤ በኋላ በጎንደር ዘመን ወህኒ አምባ ተተካ። ኦቶማኖችም ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ መሳፍንታቸውን ከመግደል ይልቅ ቤተ መንግሥት ውስጥ ወደ መቆለፍ አዘነበሉ። ክፍል ውስጥ ይህን ሳስተምር ተማሪዎቼ የእኛው ይሻላል ብለው ሊያስፈርዱኝ ይሞክሩ ነበር። በሕይወት መኖር ከመታነቅ ይሻላል፣ እሱን አልክድም። ግን ሙሉ ዕድሜውን ከገደል አፋፍ ላይ ሆኖ መንገደኛ ሲያይ የኖረ ሰው ተርፏል ለማለት አፌ አልታዘዝ ይለኛል። ሙስጠፋን ስታስቢ እነሱንም አስቢያቸው፤ ስማቸው ያልተጻፈ ብዙ ናቸው።

የቀረውን ልየው ወይ ላልሽው፣ እዪው። ግን የሚመጣውን አውቀሽ ግቢ። የመጀመሪያው የሚሞተው ጂሃንጊር ነው፤ ጀርባው የጎበጠው፣ ሙስጠፋን እንደ ነፍሱ የሚወደው። ከወንድሙ በኋላ ሁለት ወር አልሞላውም፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ሀለብ ላይ ሞተ፤ ሐዘን ገደለው ይባላል። ያንን ክፍል ብቻሽን አትዪው። የሙስጠፋ ትንሽ ልጅም አልተረፈም፣ ቡርሳ ላይ ታነቀ። ባየዚድ በኋላ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ወደ ፋርስ ሸሸ፤ በ1561 ቃዝቪን ላይ ከነልጆቹ ተገደለ። በ1566 ሱለይማን ሲሞት የቀረው ሰሊም ብቻ ነው፤ እሱ ነገሠ።

ማሂደቭራን ልጇን ቀብራ ቡርሳ ቀረች። ለዓመታት በችግር ነው የኖረችው፤ ዕዳ ውስጥ ሁሉ ገብታ ነበር። ኑሮዋ የቀናው በኋላ ነው፤ ለሙስጠፋም አሁን ያለውን መቃብር ያሠራው ሰሊም ነው። የሁረም ልጅ! ፊልሙ ይህን ቢያሳየን ኖሮ እላለሁ ሁልጊዜ። ማሂደቭራን እስከ 1581 ኖራ ከልጇ ጎን ተቀበረች።

መቃብሩን ማየት ይቻላል። ቡርሳ ውስጥ ሙራዲዬ የሚባል ግቢ አለ፤ የብዙ መሳፍንትና እመቤቶች መቃብር በዚያው ግቢ ነው፣ ዩኔስኮም በ2014 የመዘገበው ቅርስ አካል ነው። የሙስጠፋን መቃብር ቤት ግድግዳው ላይ ባለው የኢዝኒክ ሸክላ ትለዪዋለሽ፤ ሰማያዊና ቀይ አበባ የተሣለበት ነው፣ እጅግ ያምራል። ፀጉርሽን የምትሸፍኚበት ነገር ያዢ። ከኢስታንቡል ወደዚያ ለመሄድ የማርማራን ባሕር በጀልባ ተሻግረሽ ሙዳንያ ትወርጂና በአውቶቡስ ትቀጥያለሽ፤ በየብስ ብቻ የሚሄድ አውቶቡስም አለ። ደርሶ መልሱ ቀኑን ይፈጃል፤ በጥቂት ሰዓት ትራንዚት አይሞከርም። ከአየር ማረፊያ ለመውጣት ደግሞ ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ያስፈልጋል፤ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት እሱን ጨርሺ፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት ኢስታንቡል የሚያሳድርሽንም በረራ ምረጪ።